የንድፍ ዋጋና የሙያው በር

እ.ኤ.አ. በ1861 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ አንድ አርክቴክት የሙያ ዋጋውን ለማስከበር ፍርድ ቤት ቆመ። ከሳሹ ሪቻርድ ሞሪስ ሀንት፣ ተከሳሹ ደግሞ የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ኤሊዘር ፓርምሊ ነበር። ሀንት ለሐኪሙ አማች፣ ለሠዓሊው ቶማስ ሮሲተር፣ የመኖሪያ ቤት ንድፍ አዘጋጅቶ ነበር። ለዚህም ሥራ ከሕንፃው ወጪ 5 በመቶ እንዲከፈለው ጠየቀ። የሙያ ባልደረቦቹ ይኸው ልክ የተለመደ መሆኑን መሰከሩለት። ጁሪው ግን የፈረደለት 2.5 በመቶ ብቻ ነበር።

ውሳኔው ግማሽ ድል፣ ግማሽ ሽንፈት ነው። ንድፍ ራሱን የቻለ ዋጋ እንዳለው ታውቋል፤ ዋጋው ስንት እንደሆነ ግን ባለሙያውና ሕዝቡ አልተስማሙም።

ይህ ለምን ሆነ? በዘመኑ በአሜሪካ ወደ ሙያው የሚያስገባ የታወቀ በር አልነበረም። አንዱ ወጣት በአርክቴክት ቢሮ ንድፍ እየገለበጠ ይማራል፤ ሌላው ከአናጢነት ወይም ከግንበኝነት ተነሥቶ ራሱን አርክቴክት ይላል፤ የሚከለክለው ሕግ የለም። ሀንት ራሱ በ1846 ፓሪስ በሚገኘው የጥበብ ትምህርት ቤት በመግባት የመጀመሪያው አሜሪካዊ ነበር። ሆኖም የሠለጠነውን ካልሠለጠነው የማይለይ ሕዝብ ለሥልጠናው ሊከፍል አይችልም።

ስለሆነም ባለሙያዎቹ በሩን ራሳቸው መሥራት ያዙ። በ1857 በኒውዮርክ 13 አርክቴክቶች ተሰባስበው የአሜሪካን የአርክቴክቶች ማኅበር መሥርተው ነበር። ሀንት በስቱዲዮው ወጣቶችን አስተማረ፤ ከነዚህም አንዱ ዊሊያም ዌር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሥነ ሕንፃ ትምህርትን መሠረተ፤ ትምህርቱም በ1868 ተጀመረ። በ1897 ደግሞ የኢሊኖይ ክፍለ ግዛት የሙያ ፈቃድን ግዴታ የሚያደርግ የመጀመሪያውን ሕግ አወጣ። ማኅበር፣ ትምህርት ቤት፣ ፈቃድ፤ ክፍያውን ያስከበሩት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ይሁን እንጂ በመቶኛ የሚሰላው ክፍያ ራሱ ጉድለት አለው። 100,000 ብር የሚፈጅ ሕንፃ በ5 በመቶ 5,000 ብር ያስከፍላል። አርክቴክቱ ተጨንቆና ተጠቦ ወጪውን ወደ 80,000 ብር ቢያወርደው የሚያገኘው 4,000 ብር ነው፤ በብልሃቱ 1,000 ብር ተቀጣ ማለት ነው። በሌላም በኩል፣ ሙያተኞች በዋጋ እንዳይወዳደሩ በጋራ መከልከላቸው የሕዝብን ጥቅም ይነካል የሚል ክስ ተነሣ። በ1972 የአሜሪካ መንግሥት የነፃ ውድድርን ሕግ ጠቅሶ ማኅበሩን በከሰሰ ጊዜ፣ ማኅበሩ አባላቱን በዋጋ ከመወዳደር የሚያግደውን ደንብ ለመተው ተስማማ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ በሩ የተሠራው ባለቤቱን ከማይታወቅ እጅ ለመጠበቅ እንጂ ቀድሞ ለገባው የግል ጥላ እንዲሆን አለመሆኑን ነው። በሩ ከተዘጋ የሚጎዳው ወጣቱ ነው፤ ከተናደ ደግሞ የሚጎዳው ቤት አሠሪው ነው። በመካከሉ የሚቆመው ግልጽ ውል ነው። ሥራው ምን ምን እንደሚያጠቃልል፣ ክፍያውም መቼና በምን ስሌት እንደሚፈጸም እርሳስ ከመነሣቱ በፊት በጽሑፍ ይስፈር። ሀንት የጎደለበትን 2.5 በመቶ ያጣው ወረቀት ላይ ሳይሆን፣ ከወረቀቱ በፊት መነገር በነበረበት ቃል ላይ ነውና።