የብራናው ቀይ ቀለምና የሞኒተር ምርጫ

ከደብረ ማርቆስ እስከ ዲማ ጊዮርጊስ በተዘረጋው የጎጃም ደጋ፣ በአድባራቱና በገዳማቱ ዘንድ፣ ቀለም ጌጥ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ቁም ጸሐፊው ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል አዋሕዶ፣ ወራት አቆይቶ ያበጃል፤ ቀዩን ግን ለይቶ የሚያኖረው የእግዚአብሔርን፣ የማርያምንና የቅዱሳንን ስም ሊጽፍበት ነው። ስለዚህ በብራና ላይ የቀይና የጥቁር ልዩነት የትርጉም ልዩነት ነው፤ አንባቢ ገጹን ገና ሲገልጥ የተከበረውን ስም የሚለየው በዚሁ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1973 የአገራችንን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ሲጀመር፣ ከየአብያተ ክርስቲያናቱና ከየገዳማቱ ብዙ ሺህ መጻሕፍት ቅጂ ተረፈላቸው። ውለታው የሚዘነጋ አይደለም። ይሁን እንጂ ፊልሙ በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ስለ ነበረ ቀዩ ስም በግራጫ ተዋጠ። ቃሉ ተረፈ፤ ቀለሙ ቀረ።

ዛሬ ብራና የሚነሣው በዲጂታል ካሜራ፣ ከነሙሉ ቀለሙ ነው። ነገር ግን ፎቶግራፉን የሚያርመው ባለሙያ የሚፈርደው ሞኒተሩን አይቶ ነው። ሞኒተሩ ወደ ሰማያዊ ያደላ እንደ ሆነ፣ አራሚው ያንን ለማካካስ ቢጫና ቀይ ይጨምራል፤ እሳት ያልነካው ብራናም በቅጂው ላይ የተለበለበ መስሎ ይቀራል። ዋናው መጽሐፍ አንድ ቀን ቢጠፋ የሚመሰክርለት ይኸው ሐሰተኛ ቅጂ ይሆናል።

ቀለምን በልክ የመያዝ ጥረት አዲስ አይደለም። ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን ቀለም በቁጥር የሚገለጽበትን ሥርዓት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። በ1996 ሒውሌት ፓካርድና ማይክሮሶፍት ኤስ.አር.ጂ.ቢ. የተባለውን የሞኒተር ቀለም ልክ አቀረቡ፤ በ1998 ደግሞ አዶቤ በተለይ በአረንጓዴው በኩል ከዚያ የሰፋውን፣ ለኅትመት የሚስማማውን ልክ አወጣ።

እንግዲህ ሞኒተር የሚመርጥ ሠዓሊ፣ ፎቶግራፍ አንሺ ወይም የመጽሐፍ ገጽ ነዳፊ በስፋቱና በድምቀቱ አይታለል። አስቀድሞ ኤስ.አር.ጂ.ቢን በሙሉ መሸፈኑን፣ ሥራው ለኅትመት ከሆነም ከአዶቤው ልክ ምን ያህሉን እንደሚይዝ ይጠይቅ። ከጎን ሲያዩት ቀለሙ እምብዛም የማይለወጠውን፣ አይ.ፒ.ኤስ. የተባለውን ዓይነት ይምረጥ። ከዚያም ነጩን በ6,500 ኬልቪን፣ ድምቀቱን ከ80 እስከ 120 ካንዴላ በካሬ ሜትር አድርጎ በመለኪያ መሣሪያ ያስተካክል፤ ልኩ በጊዜ ብዛት ይዛባልና በየጊዜው ይድገመው። ገንዘብ ቢያጥር ከሞኒተሩ ስፋት ቀንሶ መለኪያውን መግዛት ይሻላል። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው ደብረ ማርቆስ፣ በመስኮት በቀጥታ የሚገባው የደጋ ፀሐይ የተስተካከለውን ሞኒተር እንኳ ያሳስታልና መጋረጃውም አይዘንጋ።

ጸሐፊው ቀዩን ከጥቁሩ ለይቶ ያቆየው በብዙ ድካም ነው። ያን ልዩነት ሳያዛባ ለሚቀጥለው ትውልድ ማስተላለፍ የዛሬው ባለሙያ ግዴታ ነው።