የጋራ ሞግዚት

የጋራ ሞግዚት የምንላት ሁለት ቤተሰቦች፣ ሲበዛም ሦስት፣ ተስማምተው የሚቀጥሯትና ልጆቻቸውን በአንድ ቤት ሰብስባ የምትይዝ ሠራተኛ ናት። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ናኒ ሼር» ይሉታል። በፈረንሳይ፣ በተለይም በፓሪስ፣ የተለመደ አሠራር ነው፤ ሁለቱ ቤተሰቦች ከሞግዚቷ ጋር ለየብቻ ውል ይፈራረሙና ደመወዟን ተካፍለው ይከፍላሉ። በኢሉባቦሯ መቱ ደግሞ አንዷ ካርል ሆስፒታል፣ ሌላዋ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የምትሠራ ሁለት ጎረቤታሞች ስም ሳያወጡለት ሊጀምሩት የሚችሉት ነገር ነው። ስም ማውጣቱ የሚጠቅመው ሲዋዋሉ ነው፤ ያልተሰየመ ነገር በውል ላይ አይሰፍርምና።

ሞግዚት የሚለውን ቃል ኢሉባቦር ከጥንት ያውቀዋል። ጎሬ ተቀምጠው አገሩን ይገዙ የነበሩት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ የልጅ ኢያሱ ሞግዚት ነበሩ። ያ ሞግዚትነት ታዲያ ገንፎ ማብላትንና ሽንት ጨርቅ መቀየርን አይጨምርም፤ ዕድሜው ላልደረሰ አልጋ ወራሽ ተጠሪ ሆኖ መንግሥት መምራት ነበር። ሕጉም ቃሉን ከዚያ ትርጉም ብዙ አላራቀውም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የልጁን ደኅንነት የሚጠብቀውን «አሳዳሪ»፣ ንብረቱን የሚያስተዳድርለትን «ሞግዚት» ይላቸዋል። ስለዚህ በንግግር ሞግዚት ማለት ችግር የለውም፤ ወረቀት ላይ ግን «የሕፃን ተንከባካቢ» ብሎ መጻፍ ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናል።

ለእንግሊዝኛው ሐረግ ሌላ አቻ መፈለግ ይቻል ነበር። «የተጋራች ሞግዚት» ቀርቦ ይሆናል፤ ነገር ግን ሴትዮዋን ራሷን እንደ ዳቦ የሚቆርስ ስለሚመስል ጆሮ አይቀበለውም። ገበሬው የራሱ ቆንጆ ቃል አለው፦ መቀናጆ። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው ተራ በተራ ያርሳሉ። ሐሳቡ ቁርጥ ይኸው ነው፤ ለብቻው የማይበቃ አቅም ተዳምሮ ሥራ ይሠራል። ግን «የመቀናጆ ሞግዚት» ብላችሁ ብትጠሯት ልጅቷ ቀንበሩን ማን እንደተሸከመ መጠየቋ አይቀርም፤ እውነቷንም ነው። «የጋራ ሞግዚት» ይሻላል። የጋራ ጉድጓድ፣ የጋራ ግቢ፣ የጋራ መኖሪያ ቤት እያልን የኖርንበት ቃል ነው፤ የሚከፋፈለውም ሰው ሳይሆን ወጪና ኃላፊነት መሆኑን ያስረዳል።

ፍላጎቱ ከየት መጣ? ቀኑን መቁጠር ይበቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። አባትየው 3 ቀን አለው። የጤና ባለሙያዎች ሕፃኑ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይላሉ፤ እናትየው ግን በ3 ወሩ ቢሮዋ መገኘት አለባት። ከዚያ ወዲያ ልጁ ኬጂ እስኪገባ ዓመታት አሉ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዞ ነበር፤ በትናንሽ ከተሞች ግን ማቆያ ያለው መሥሪያ ቤት ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። አያት በቅርብ ያለችለት ታድሏል። ለሥራ ተመድቦ ከሌላ አገር የመጣ መምህር ወይም ነርስ ግን የሚጠራው ዘመድ የለውም።

በሌላው ወገን ሥራ ፈላጊዋ አለች። ቡሬ ከመቱ በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች የቡና አገር ናት። ቡና ለቀማው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እጅ ላይ ጥቂት ብር ያስገባል፤ ከዚያ ጸጥ ይላል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት ያልመጣላት ልጅ ታዲያ ዓይኗን መቱ ላይ፣ ደፈር ካለችም 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ባለው አዲስ አበባ ላይ ትጥላለች። የተለመደው መንገድ ሦስት ነው። አንዱ ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ነው፤ «ላስተምርሽ» ብሎ ወስዶ ያለ ደመወዝ የሚያሠራው ግን ከዚህም ውስጥ አይጠፋም። ሁለተኛው ደላላ ነው፤ ቶሎ ያስቀጥራል፣ ኮሚሽኑን ደግሞ አንዳንዴ ከሁለቱም ወገን ይወስዳል። ሦስተኛው ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ሲሆን መታወቂያና ተያዥ ይጠይቃል።

የጋራ ሞግዚትነት አራተኛ መንገድ ይከፍታል፤ ሠራተኛዋ ራሷ ታቀናጃለች። አንድ ቤት በተመላላሽነት ጥሩ ስም ያተረፈች ልጅ ሁለተኛውን ቤት ራሷ መፈለግ ትችላለች። ክትባት ቀን ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ልጅ አዝለው የሚቆሙትን እናቶች ታውቃቸዋለች፤ የትኛዋ ፈቃዷ ሊያልቅ እንደተቃረበም ትሰማለች። ንግግሩ ረጅም መሆን የለበትም፦

«እትዬ፣ ፈቃድዎ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«የፊታችን ወር። ሰው አጥቼ ጨንቆኛል።»

«እኔ የጎረቤትዎን ልጅ ነው የምይዘው። እሳቸው ከተስማሙ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ እችላለሁ። ልብስ አጠባና እንጀራ ጋገራ ግን አልጨምርም፤ ሕፃናቱን ብቻ ነው።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት የነገሩ ቁልፍ። ያቺን ሳትናገር የገባች ልጅ በሁለተኛው ሳምንት የሁለት ቤት ሳህን አጣቢ ሆና ትገኛለች። አንዷ እመቤት «እግረ መንገድሽን ሽንኩርት ክተፊልኝ» ትላለች፣ ሌላዋ «እሷ ቤት ከሠራሽ እኔ ቤት ለምን?» ትላለች። ሁለት የሚድሁ ሕፃናት ያሉበት ቤት ውስጥ ቢላዋ የያዘ እጅ ልጅ አይጠብቅም። እኔ ብጠየቅ ከደመወዙ በፊት ይህ ይጻፍ እላለሁ፦ የሕፃናቱን ምግብ ማዘጋጀት፣ ዕቃቸውንና ልብሳቸውን ማጽዳት፣ ማስተኛትና ማጫወት የሷ ነው፤ የቀረው የቤት ሥራ የሷ አይደለም።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ለምሳሌ ያህል አንድ ልጅ መያዝ በሰፈሩ በወር 3,000 ብር ያስከፍላል እንበል። በጋራ ሲሆን እያንዳንዱ ቤት 2,000 ይከፍልና ሞግዚቷ 4,000 ታገኛለች። ቤቶቹ ሲሶውን ይቆጥባሉ፣ እሷም ሲሶ ይጨመርላታል። ለሁለት ልጅ የአንድ ልጅ ደመወዝ ተካፍለው የሚከፍሉ ካሉ ያ የጋራ ሞግዚት አይደለም፤ ድካሟን እጥፍ አድርጎ ዋጋውን ማስቀነስ ነው። ለግሉ ዘርፍ በአገር ደረጃ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለን ይህን የሚያስከብርላት አንደበቷና ውሏ ብቻ ናቸው። አንዱ ቤት ቢወጣስ? ቢያንስ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ይውጣ፤ አለዚያ የደመወዟ ግማሽ በአንድ ጀምበር ይበናል።

ቤቱ የማን ይሁን የሚለው ደግሞ በኢሉባቦር ዝናብ ሌላ ጥያቄ ነው። ከክረምቱ ወዲህም ወዲያም ብዙ ወራት የሚዘንብበት አገር ስለሆነ ሕፃን በየጠዋቱ ከቤት ቤት ማዞር አይመከርም። በሳምንት ወይም በወር መፈራረቅ ይሻላል። የባጃጅ ሒሳቡን ልጁን የሚያመላልሰው ቤተሰብ ቢችል ደግ ነው። ልጆች የሚውሉበት ቤት ውስጥ ከሰልና የፈላ ውኃ ከሚደረስበት ራቅ ማለት አለበት። የሁለቱም የክትባት ካርድ አስቀድሞ ይታይ፤ የኩፍኝ ክትባት የመጀመሪያው በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር የሚሰጥ ነው። አንዱ ልጅ ሲያተኩሰው ወይም ሲያስቀምጠው ያን ቀን እቤቱ ይዋል፣ የሞግዚቷ ደመወዝ ግን አይቆረጥ።

ሕጉ እዚህ ላይ ሳሳ ይላል። አዋጅ ቁጥር 1156 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን፣ የቤት ሠራተኛን ማለት ነው፣ በቀጥታ አይገዛም፤ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። የሚቀረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 2601 አሠሪው ጋ የምትኖር ሠራተኛ መኝታዋ፣ ምግቧ፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓቷ ጤናዋንና ሞራሏን እንዳይጎዳ አሠሪው ተገቢውን ሁሉ እንዲያደርግ ያዛል። አሠሪው ሁለት ሲሆን ግን «እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት» ለመባባል መንገዱ ሰፊ ነው። የጋራ ሞግዚት ታዲያ ተመላላሽ ብትሆን ይመረጣል፤ ማታ የምትገባበት የራሷ ቤት፣ ከቻለችም የማታ ትምህርት ይኑራት። ዕድሜም ይጠየቅ። አዋጁ ለሥራ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ዕድሜ 15 ነው፤ ሁለት ሕፃን አስይዞ ለመውጣት ግን ከ18 በታች ያለች ልጅ ባትታሰብ እመርጣለሁ።

ለመጀመር ያሰባችሁ ሁለት እናቶች ውሉን ሞግዚቷ በምትረዳው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞ ከሆነም በዚያው፣ ጻፉት። ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላት፣ አንዱን ቅጂ እሷ ጋ ተዉ።