የጠርሙስ ቢራና የአገር ስም

በአዲስ ከተማ አውቶቡስ ተራ ጎሕ ሳይቀድ ቆሞ የሚያውቅ ሰው የኢትዮጵያን መልክዐ ምድር ያለ ካርታ ሊማር ይችላል። ረዳቶቹ «ጎንደር! ጎንደር!» «ሐረር!» «በደሌ! መቱ!» እያሉ ሲጣሩ፣ አገር ከነወንዙና ከነተራራው በጆሮ ይገባል። ዛሬ ብዙዎቹ መስመሮች ወደ ሌሎች መናኸሪያዎች ተከፋፍለው ቢሄዱም፣ ጥሪው ከሰፈሩ ጨርሶ አልጠፋም።

በ2012 ዓ.ም. በጥር ወር፣ በአንድ ቅዳሜ፣ መንገደኛ ዘመድ ሸኝቼ ስመለስ ከዚያው አጠገብ ካለች አንዲት ግሮሰሪ ገባሁ። መደርደሪያውን ስመለከት፣ ረዳቱ በውጭ የሚጠራውን ስም በውስጥ በቢራ ጠርሙስ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ይህ ነገር ስላስገረመኝ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ልግዛና ጣዕማቸውን ልመርምር ብዬ ቈረጥሁ። ጊዮርጊስ፣ ሜታ፣ ሐረር፣ ከሐረር ቤት የወጣው ጥቁሩ ሐኪም ስታውት፣ በደሌ፣ ዳሽን፣ ዋሊያና ራያ፣ በድምሩ 8 ሆኑ። ባለሱቁ ግን ከገንዘቡ አስቀድሞ የጠየቀኝ «ባዶ ጠርሙስ ይዘሃል ወንድሜ?» ብሎ ነበር። እንደምታውቀው በአገራችን የቢራ ጠርሙስ ተመላሽ ነው፤ ባዶ ያላመጣ ሰው ማስያዣ ይከፍላል። በጠርሙሱ ወገብ ላይ የምታየው ነጣ ያለ ቀለበትም በየሳጥኑ ውስጥ ከባልንጀሮቹ ጋር ሲፋተግ የኖረበት ምልክት ነው።

(በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በራድዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ፣ 21 ዓመት ላልሞላውም እንዳይሸጥ መከልከሉን አልዘነጋሁም። የማንም ገበያ እንዲደራ አልተነሣሁም፤ የምናገረው ስለ ታሪክ ነው።)

ጠርሙሶቹን ተሸክሜ የሄድሁት ወደ አክስቴ ቤት ነው። አክስቴ የመንዝ ሰው ናቸው፤ አርባ ዓመት ያህል ጠላ የጠመቁ ስለ ሆነ በዚህ ሥራ ከእርሳቸው የተሻለ ዳኛ አላውቅም። በየጠርሙሱ ላይ ወረቀት ጠቅልዬ ስሙን ሸፈንሁና፣ ቁጥር ሰጥቼ በየተራ እቀዳ ጀመር።

ነገሩ ግልጽ ይሆንልህ ዘንድ ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ። ምድር ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ከባሕር ማዶ የመጣ ጠርሙስ ከወደብ እስከ ሸዋ ባለው ረጅም መንገድ ላይ የጋማ ከብት ጀርባ ያስፈልገው ነበርና፣ የከተማው መጠጥ ጠላና ጠጅ ነበረ። ባቡሩ ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1922፣ የጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በዚሁ በአዲስ አበባ ተቋቋመ። በምልክቱ ላይ ሰማዕቱ በፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ ታያለህ። በአሥመራ ደግሞ በ1931 ዓ.ም. ሜሎቲ ተመሠረተ፤ ሰሜኑና መሐሉ አገር በአንድ መንግሥት ሥር በነበሩበት ዘመን ይህ ቢራ በአዲስ አበባም የታወቀ ነበር። ሜታ በሰበታ አጠገብ በ1950ዎቹ ተነሣ። በደርግ ዘመን ፋብሪካዎቹ በመንግሥት እጅ ሆኑ፤ በ1976 ዓ.ም. የሐረር፣ በ1985 የበደሌ፣ በ1992 በጎንደር የዳሽን ተከተሉ። ከዚያም የሽያጭ ዘመን መጣ። ጊዮርጊስ ለፈረንሳዩ ካስቴል፣ በ2003 ሐረርና በደሌ በ163 ሚሊዮን ዶላር ለሆላንዱ ሃይነከን፣ በ2004 ሜታ በ225 ሚሊዮን ዶላር ለእንግሊዙ ዲያጆ ተሸጡ። ሜታን በ2014 ዓ.ም. መልሶ የገዛው ደግሞ የጊዮርጊስ ባለቤት ነው፤ ስለዚህ በየመሸታ ቤቱ ሲፎካከሩ የኖሩት ሁለቱ ስሞች ዛሬ የአንድ ቤት ልጆች ሆነዋል። ዋሊያም ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ እንስሳ ሲሆን፣ በስሙ የተጠራው ቢራ የሚጠመቀው በአዲስ አበባ ዳር በቂሊንጦ ነው።

አሁን ወደ አክስቴ ቤት እንመለስ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩትና «መጥራቱስ ጠርቷል» አሉ። ቀመሱትና «መራራ ነው፤ መራራነቱ ግን የጌሾ አይደለም» ሲሉ ፈረዱ። ትክክል ነበሩ፤ ለቢራ ምሬት የሚሰጠው ሆፕ የተባለው የውጭ አገር ሐረግ አበባ ነው። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን ቀመሱና «ልጄ፣ ይኸ ሁሉ አንድ ጋን አይደለም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ሣቅሁባቸው። ነገር ግን ተራው የእኔ በሆነ ጊዜ፣ ከጎልማሳነቴ ጀምሮ ጊዮርጊስን ብቻ የምጠጣ እኔ፣ በደሌውን ጊዮርጊስ፣ ጊዮርጊሱን ዳሽን ብዬ አረፍሁት። ስንት ወዳጅ በዚህ ጉዳይ እንደ ተከራከርሁ ሳስበው አፈርሁ።

የዚህ መመሳሰል ምክንያት ሩቅ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1842፣ በቦሔሚያ ምድር ፒልሰን በተባለች ከተማ፣ ዮሴፍ ግሮል የተባለ ጠማቂ ከነጣ ብቅል፣ ከሆፕና በቅዝቃዜ ከሚሠራ እርሾ ወርቅማና ጥሩ ቢራ አወጣ። ይህ ዓይነት ቢራ ላገር ይባላል፤ በቀዝቃዛ ስፍራ ለብዙ ሳምንት ተቀምጦ የሚረጋ ማለት ነው። መላው ዓለም ይህንኑ ተከተለ፤ የእኛዎቹም ጠርሙሶች ከጥቂቶቹ በቀር የዚሁ ዘር ናቸው። ፒልሰን በኋላ የቼኮዝሎቫኪያ ከተማ ሆነች፤ የሐረርን ፋብሪካ ለማቋቋም የረዳችውም ቼኮዝሎቫኪያ ናት። በጀጎል አገር ስም የሚሸጠው ጠርሙስ ከጠማቂዎቹ አገር ጋር ያለው ዝምድና እንዲህ ቅርብ ነው።

ስድስተኛው ብርጭቆ ሲቀዳ ግን አክስቴ ቀና ብለው ተቀመጡ። መልኩ እንደ ቡና የጠቈረ ነበር። አንድ ጊዜ ጐንጨት አደረጉና «ይኸ ደረቆት አለበት!» አሉ። ወረቀቱን ብገልጠው ሐኪም ስታውት ሆነ። ስታውት የተባለው ጥቁር ቢራ ጥቁረቱን የሚያገኘው እህሉ በእሳት ሲጠቁር ነው፤ ጠላም ቀለሙን የሚያገኘው ከተቈላው ደረቆትና ከእንኩሮው ነው። ከፈረንጅ ጥበብ ሁሉ ለአክስቴ ጓዳ የሚቀርበው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ብርጭቆውን ለእኔ ሳይመልሱ ጨረሱት።

ቀጥለው «ገብሱስ የየት አገር ነው?» አሉኝ። እኔም የምመልሰው አጣሁ።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። የሩሲያው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ እህል ሲሰበስብ፣ የገብሳችን ዓይነት ብዛት እጅግ አስደንቆታል። የብቅል ፋብሪካ ግን በአሰላ የተተከለው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ ቢራው በበዛ ቁጥር እርሱ ብቻውን ሊያዳርስ ስላልቻለ ብቅል ከአውሮፓ በዶላር ይገባ ነበር። የአርሲና የመንዝ ገበሬ ገብስ እያመረተ፣ አዲስ አበባ የፈረንጅ ገብስ ጠጣ ማለት ነው። በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ ቦሌ ለሚ ትላልቅ የብቅል ፋብሪካዎች የተከፈቱት በ2013 ዓ.ም. ግድም ነው። ይህን በወቅቱ ልነግራቸው አልቻልሁም፤ በኋላ ብነግራቸው «እንግዲያውስ ከሰፈሬ ገብስ ሊጠጡ ነው» አሉ እንጂ ብዙም አልተደነቁም።

የመጨረሻው ብርጭቆ የራያ ነበር። ይህ ፋብሪካ በ2007 ዓ.ም. በማይጨው ሥራ የጀመረ ነው። እኛ በቀመስን በዓመቱ፣ በ2013 ዓ.ም. በሰሜን በተነሣው ጦርነት ፋብሪካው ሥራውን አቋረጠ። ወደዚያ የሚሄደው አውቶቡስም ቆመ። በመናኸሪያው «መቀሌ! ማይጨው!» የሚለው ጥሪ ሲታጣ፣ ከመደርደሪያው ላይም ስሙ ታጣ።

ባዶ ጠርሙሶቹን በማግሥቱ ለባለሱቁ መለስሁ። ሁለት ጊዜ ቈጥሮ «ሰባት ናቸው፤ አንድ ይጐድላል» አለኝ። አክስቴ አንዱን «ለአረቄ ይሆነኛል» ብለው አስቀርተውት ነበርና፣ የእርሱን ማስያዣ እዚያው ትቼለት ወጣሁ።