የአንድ ወረዳ ለተፈጥሮ አደጋ ተጋላጭነት እንዴት ይመዘናል?

ሐምሌ 15/2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለ ቀበሌ በደረሰ የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ብዙዎቹን ሟቾች የገደላቸው የመጀመሪያው ናዳ አልነበረም። በአፈር የተዋጡ ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት የተሰበሰቡ ነዋሪዎች፣ መምህራን፣ የጤና እና የግብርና ባለሙያዎች በቁፋሮ ላይ ሳሉ ሁለተኛ ናዳ ወረደባቸው። ከዚያ በኋላም ፍለጋው በአብዛኛው የተካሄደው በአካፋ እና በባዶ እጅ ነበር።

ለናዳው መነሻ የሆነው ከባድ ዝናብ ነው። የሟቾቹን ቁጥር ግን ዝናቡ ብቻውን አያስረዳም። ሰዎች ለምን በተዳፋት ሥር ሰፈሩ? ተራራው ዳግም ሊናድ እንደሚችል ለአካባቢው ሰው አስቀድሞ የተነገረው ነገር ነበር? የነፍስ አድን መሣሪያስ ከቦታው ለመድረስ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?

የተጋላጭነት ጥናት የሚባለው ሥራ እነዚህን ጥያቄዎች ከአደጋው በኋላ ሳይሆን ከአደጋው በፊት መጠየቅ ነው።

ክስተት፣ ተጋላጭነት እና ስጋት

በዕለት ተዕለት ንግግር “አደጋ” የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል። በዘርፉ ባለሙያዎች ዘንድ ግን ሦስት ነገሮች ተለይተው ይታያሉ።

የመጀመሪያው አደጋ አምጪው ክስተት ነው። ጎርፍ፣ ድርቅ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ናዳ፣ የአንበጣ መንጋ እና እሳተ ገሞራ እዚህ ውስጥ ይመደባሉ። ሁለተኛው በክስተቱ መንገድ ላይ የሚገኘው ሕዝብ፣ እንስሳ፣ ሰብል እና ንብረት ነው። ሦስተኛው ተጋላጭነት፣ ማለትም ክስተቱ በደረሰ ጊዜ ያ ሕዝብ ምን ያህል ይጎዳል፣ ምን ያህልስ መልሶ ይቋቋማል የሚለው ነው።

የአደጋ ስጋት የሚባለው የሦስቱ ድምር ውጤት ነው። ሰው በማይኖርበት በረሃ የደረሰ ርዕደ መሬት የተፈጥሮ ክስተት እንጂ አደጋ አይሆንም። በተቃራኒው መጠነኛ ጎርፍ እንኳ ሁሉን ነገሩን በወንዝ ዳር ላኖረ ድሃ ቤተሰብ የሕይወት ዘመን ኪሳራ ሊሆን ይችላል።

የዓለም አገራት እአአ በመጋቢት 2015 በጃፓኗ ሴንዳይ ከተማ ባጸደቁት እና እስከ 2030 በሚዘልቀው ማዕቀፍ ላይ “የአደጋ ስጋትን መረዳት” ከአራቱ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ጉዳዮች ቀዳሚው የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥናቱ ከየት ይጀምራል?

የመጀመሪያው ሥራ ካርታ ነው። አጥኚዎች የመሬቱን ተዳፋትነት፣ የአፈሩን እና የድንጋዩን ዓይነት፣ የዝናቡን መጠን፣ የደን ሽፋኑን እና የእርሻውን ሁኔታ በሳተላይት ምስል እና በመስክ ጉብኝት ይመዘግባሉ። ናዳን በተመለከተ ተዳፋቱ እየጨመረ፣ የዛፍ ሥር እየተመናመነ፣ አፈሩም ውኃ እየጠገበ በሄደ ቁጥር የመናዱ ዕድል ይጨምራል።

ካርታው ያለ ታሪክ ሙሉ አይሆንም። የአካባቢው አዛውንቶች ወንዙ ከወሰኑ የወጣባቸውን ዓመታት፣ ተራራው የተሰነጠቀበትን ቦታ እና ከብት ያለቀበትን ድርቅ ያስታውሳሉ። በብዙ ወረዳዎች በጽሑፍ የተቀመጠ መረጃ ጥቂት በመሆኑ የእነርሱ ትውስታ የጥናቱ ዋና ምንጭ ነው።

ነገር ግን ያለፈው ብቻ የሚመጣውን አይናገርም። በአፋር ክልል አፍዴራ አካባቢ የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ በታሪክ የተመዘገበ ፍንዳታ ያልነበረው እሳተ ገሞራ ነበር። ኅዳር 14/2018 ዓ.ም. ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ድረስ ተጓዘ፤ በአቅራቢያው ያለውን የአርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬትም ሸፈነ። “እዚህ ደርሶ አያውቅም” የሚለው መልስ ለአንድ ጥናት መደምደሚያ መሆን የማይችለው ለዚህ ነው።

በመንገዱ ላይ ማን አለ?

ቀጣዩ ሥራ ቆጠራ ነው። በጎርፍ ሜዳው ላይ ስንት ቤት አለ? ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ የውኃ ነጥቡ እና ድልድዩ የት ይገኛሉ? ድልድዩ ቢሰበር የትኞቹ ቀበሌዎች ይቆረጣሉ?

ቆጠራው ሰዓትን እና ወቅትንም ማካተት ይኖርበታል። በገበያ ቀን የሚሞላ ሜዳ በሌላው ቀን ባዶ ነው። በክረምት የሚያሰጋ ወንዝ በበጋ የከብት ማሰማሪያ ይሆናል። ሌሊት የሚመጣ ጎርፍ ሰውን በእንቅልፍ ላይ ያገኘዋል።

በኢትዮጵያ ይህን ሥራ የሚያከብድ አንድ እውነታ አለ። የመጨረሻው የሕዝብ እና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የሚጠቀሱት የወረዳ የሕዝብ ቁጥሮች ግምቶች ናቸው። የአስተዳደር ወሰኖችም ተለዋውጠዋል፤ ጎፋ ራሱን የቻለ ዞን የሆነው የቀድሞው ጋሞ ጎፋ ዞን ከተከፈለ በኋላ ሲሆን፣ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የተመሠረተው ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ነው። በቀድሞው ወሰን የተሰበሰበ መረጃ ከዛሬው ካርታ ጋር ላይገጥም ይችላል።

ተጋላጭነትን የሚወስነው ምንድን ነው?

በአንድ መንደር የሚኖሩ፣ አንድ ዓይነት ዝናብ የዘነበባቸው ሁለት ቤተሰቦች እኩል አይጎዱም። ልዩነቱን የሚፈጥሩት ጉዳዮች ብዙ ናቸው፦ ገቢያቸው ከአንድ ሰብል ብቻ ነው ወይስ ከብዙ ምንጭ? ቤታቸው ከምን ተሠራ? በቤቱ ውስጥ አረጋዊ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም አካል ጉዳተኛ አለ? ስልክ አላቸው? ኔትወርክስ ይደርሳቸዋል? ከዋናው መንገድ ስንት ሰዓት በእግር ይርቃሉ?

አሜሪካዊቷ የጂኦግራፊ ምሁር ሱዛን ከተር እና ባልደረቦቿ እአአ በ2003 ባሳተሙት ሥራ የአገራቸውን የገጠር እና የከተማ ካውንቲዎች በዕድሜ፣ በገቢ፣ በመኖሪያ ቤት እና በመሰል መመዘኛዎች አወዳድረው ነጥብ ሰጥተዋል። ይህ ዘዴ ተሻሽሎ ዛሬ በብዙ አገራት በሥራ ላይ ይውላል። ዋና መልዕክቱም ተጋላጭነት በማኅበራዊ ኑሮ የሚፈጠር እንጂ ከሰማይ የሚወርድ አለመሆኑ ነው።

አንድ ቤተሰብ ለሁሉም አደጋ እኩል ተጋላጭ አይደለም። ከእንጨት እና ከሰሌን የተሠራ የአርብቶ አደር ጎጆ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ያለ ብረት ከተገነባ የድንጋይ ቤት ያነሰ ጉዳት ያደርሳል፤ ለጎርፍ ግን አይበገርም ማለት አይቻልም። ስለዚህ አንድ ወረዳ ለድርቅ፣ ለጎርፍ እና ለርዕደ መሬት የየራሱ ነጥብ ሊኖረው ይገባል።

የማኅበረሰቡ አቅምም ይመዘናል

ጥሩ ጥናት ድክመትን ብቻ አይዘረዝርም። እድር፣ ደቦ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የእህል ክምችት እና የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በአደጋ ጊዜ የሚያገለግሉ አቅሞች ናቸው።

በአፋር ሕዝብ ዘንድ “ዳጉ” የሚባለው ባህላዊ የመረጃ ልውውጥ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። መንገደኞች ሲገናኙ ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ በሽታ እና ስለ ፀጥታ የሰሙትን እና ያዩትን ይለዋወጣሉ። የስልክ ምሰሶ በሌለበት ቦታ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ሲነደፍ ይህን መንገድ አለመጠቀም ያለውን ሀብት ማባከን ነው።

ነጥቡ እንዴት ይሰላል?

ለምሳሌ ያህል ሁለት ቀበሌዎችን እንውሰድ፤ እያንዳንዱ መመዘኛ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጠዋል።

የመጀመሪያው ቀበሌ በትልቅ ወንዝ ዳር ስለሚገኝ ለክስተቱ ኃይል 4፣ በመንገዱ ላይ ላለው ሕዝብ 4 ተሰጠው። መንገድ፣ ስልክ እና የጤና ጣቢያ ስላለው ግን ተጋላጭነቱ 2 ነው። ሦስቱ ሲባዙ 32 ይሆናሉ።

ሁለተኛው ቀበሌ በአነስተኛ ወንዝ ዳር ነው፤ ለክስተቱ 3፣ ለሕዝቡ 3 ያገኛል። መንገድም ስልክም ስለሌለው ተጋላጭነቱ 5 ነው። የእርሱ ውጤት 45 ነው።

የጎርፍ ካርታውን ብቻ ያየ ባለሥልጣን በጀቱን ለመጀመሪያው ቀበሌ ይመድባል። ሙሉውን ስሌት ያየ ግን ወደ ሁለተኛው ያመራል።

ቁጥሩ የራሱ አደጋ አለው። የወረዳ አማካይ በውስጡ ያለውን ልዩነት ይደብቃል፤ በአማካይ “መካከለኛ ስጋት” የተባለ ወረዳ አንድ እጅግ አስጊ ተዳፋት በውስጡ ሊኖር ይችላል። ለዚህ ነው ጥናቱ እስከ ቀበሌ እና መንደር መውረድ ያለበት። የሴቶች እና የወንዶች ውይይት ተለይቶ መካሄዱም ትርጉም አለው፤ ውኃ ለመቅዳት ወንዝ የምትወርደው ሴት የምታውቀውን አደጋ በጋራ ስብሰባ ላይ ላትናገር ትችላለች።

በኢትዮጵያ ምን ተሠርቷል?

ኢትዮጵያ ከወሎ ረሃብ ማግስት ጀምሮ የእርዳታ ማስተባበሪያ ተቋም ያላት አገር ናት። ለረዥም ዓመታት ትኩረቱ ድርቅ እና እህል ማቅረብ ላይ ነበር። በ2005 ዓ.ም. የጸደቀው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ እና ስትራቴጂ አቅጣጫውን ከአደጋ በኋላ ከሚሰጥ ምላሽ ወደ አስቀድሞ መከላከል ለመቀየር ያለመ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የወረዳ የአደጋ ስጋት ገጽታ ጥናት ቤተሰቦችን፣ የማኅበረሰብ ተወካዮችን እና የወረዳ ባለሙያዎችን በማነጋገር የሚዘጋጅ ሰነድ ነው። ከሰነዱ የቅድመ ማስጠንቀቂያ፣ የመጠባበቂያ እና የስጋት ቅነሳ ዕቅዶች እንዲወጡ ይጠበቃል።

አስቀድሞ መንቀሳቀስ ምን እንደሚመስል በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ እና በአካባቢው በተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ወቅት ታይቷል። መንግሥት ወደ 80 ሺህ የሚጠጉ ነዋሪዎችን ከአካባቢው ለማዛወር እንቅስቃሴ ጀምሮ ነበር። መዛወር ግን የጥናቱ መጨረሻ አይደለም። ከብቱን ትቶ የወጣ አርብቶ አደር ከርዕደ መሬቱ ቢያመልጥም መተዳደሪያውን ሊያጣ ይችላል፤ የሚሰፍርበት ቦታም የራሱ የውኃ፣ የጎርፍ እና የግጦሽ ጥያቄ ይኖረዋል።

ማወቅ ብቻውን ያድናል?

በቂ መረጃ እና ሀብት ባለበት አገርም ጥናት ብቻውን ሰው አያድንም። ሰኔ 27/2017 ዓ.ም. ሌሊት በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ ከር በተባለች የገጠር ካውንቲ፣ የጓዳሉፔ ወንዝ በ45 ደቂቃ ውስጥ ወደ 8 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ጨመረ። በግዛቲቱ በደረሰው ጎርፍ ከ130 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ የሞቱት በዚህችው ካውንቲ ሲሆን፣ በወንዙ ዳር በነበረ የበጋ ካምፕ ያሉ ልጃገረዶች ይገኙበታል።

አካባቢው ለደራሽ ጎርፍ የተጋለጠ መሆኑ ለአሥርት ዓመታት የታወቀ ነበር። የአየር ትንበያ ተቋሙም ሌሊቱን ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በወንዙ ዳር የአደጋ ደወል ለመትከል ከዓመታት በፊት ውይይት ቢደረግም፣ ገንዘብ ባለመገኘቱ ሳይተከል ቀርቷል። ብዙዎችም ማስጠንቀቂያው ሳይደርሳቸው በእንቅልፍ ላይ ነበሩ።

ገዜ ጎፋ እና ከር በሀብት የሚነጻጸሩ አይደሉም። የሚያገናኛቸው በዕውቀት እና በሰው መካከል ያለው የመጨረሻው እርምጃ ነው፤ የሚያስጠነቅቅ ድምፅ፣ የሚሸሹበት ከፍታ እና “አሁን ውጡ” ለማለት ኃላፊነት የተሰጠው ሰው።

ምን መጠየቅ ይቻላል?

በውጭ አገራት የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን እና ትውልደ ኢትዮጵያውያን አደጋ በደረሰ ቁጥር ለትውልድ አካባቢያቸው ገንዘብ ያሰባስባሉ። ትምህርት ቤት፣ ድልድይ ወይም የውኃ ጉድጓድ የሚያሠሩም አሉ። ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ሊነሱ የሚገባቸው ጥያቄዎች ቀላል ናቸው።

ቦታው በጎርፍ ወይም በናዳ መንገድ ላይ ነው? ለወረዳው የተሠራ የስጋት ጥናት አለ? ካለስ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ወሰን ተሠራ? የቀበሌው ነዋሪ ውጤቱን ያውቀዋል? ማስጠንቀቂያ በማን በኩል፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ስንት ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል? ከመጀመሪያው ናዳ በኋላ ቦታውን የሚከልል እና ሰው እንዳይጠጋ የሚያዝ ማን ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ በብዙ ሰነዶች ውስጥ ቦታ የለውም። ጎረቤቱ የተቀበረበትን ሰው “አትሂድ” ማለት ከባድ ነው፤ ማንም በድንገት ሊወስነው የሚችል ጉዳይም አይደለም። ስለዚህ ዝናቡ ሳይመጣ፣ ማኅበረሰቡ ተቀምጦ የሚመክርበት እና የሚስማማበት ነገር መሆን ይኖርበታል። የተጋላጭነት ጥናት ዋጋ የሚለካውም በመደርደሪያ ላይ በሚቀመጠው ሰነድ ውፍረት ሳይሆን በዚህ ዓይነቱ ስምምነት ነው።