ከባሏ ቤት የወጣች ሴት መግቢያዋ፤ ስለ ጋይንት፥ ስለ ስማዳና ስለ እስቴ

ከጉና ተራራ በስተ ምሥራቅና በስተ ደቡብ የተዘረጋው አገር፥ ማለት ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት፥ ስማዳና እስቴ፥ ደጋው ብርዳም፥ ቈላው እስከ በሽሎና እስከ ዐባይ ሸለቆ የሚወርድ ነው። በታሪክ መጻሕፍት ይህ አገር የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጦርነት ወይም ስለ ድርቅ፥ አለዚያም በድጓ ትምህርት ስለ ታወቀችው ስለ ቤተልሔም ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከጓዳ የሚነሣ ነገር ነው። ባሏ የሚመታት ሴት ልጆቿን ይዛ በወጣች ጊዜ ማን ተቀበላት? በምንስ ኖረች? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ መልሱ ግን የርስትን፥ የጋብቻንና የፍርድን ታሪክ ሁሉ የሚነካ ሆኖ አግኝተነዋል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል የሚለውን ተረት ከመካከላችን ያልሰማ የለም። ተረቱ የአገሩን ልማድ በሙሉ ያሳያል ማለት ግን አይገባም። ያው ባላገር ዱላን እንደ ተግሣጽ ሲቈጥር፥ ለተመታችው ሴት የመውጫ በር አልዘጋባትም ነበር። በሩን የሚከፍተው ግን ርኅራኄ ሳይሆን ሀብት ነው። ይህን ለማስረዳት ከጋብቻው ዐይነት እንጀምራለን።

በቤጌምድር እንደ ሌላው የአማራ አገር ሦስት ዐይነት ጋብቻ ይታወቃል። የቁርባን ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት የሚፈጸምና ከሞት በቀር የማይፈታ ነው፤ ካህናት የሚገደዱበት፥ ሌላው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሽምግልናው የሚገባበት ነው። የሰማንያ ጋብቻ በሽማግሌዎችና በዋስ ፊት የሚታሰር ውል ነው፤ ባላገሩ በብዛት ይጋባ የነበረው በዚህ ነው። የደሞዝ ጋብቻ ደግሞ ሴቲቱ በዓመት ይህን ያህል ተብሎ በተቈረጠላት ደሞዝ የምትገባበት ነው። ለጥያቄአችን የሚበጀው ሰማንያው ነው፤ በፍቺ ጊዜ በአንድነት ያፈሩትን ከብትና እህል ባልና ሚስት እኩል ይካፈላሉ፥ እያንዳንዱም በግሉ ያመጣውን ይዞ ይሄዳል፤ ርስቱም በየወገኑ ይቀራል። የደሞዟ ሴት ግን ከተቈረጠላት በቀር ከቤቱ ሀብት ድርሻ የላትም፤ ስለዚህ በዱላም ቢሆን መታገሥ ይቀናት ነበር።

ርስት በዚህ አገር በአባትም በእናትም በኩል ይወረሳል፤ ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ የአቅኚው አባት ዘር ነኝ ብላ ድርሻ ትጠይቃለች። በጎንደር ዘመን የተጻፉት የመሬት ሽያጭና የውርስ መዝገቦች ሴቶች በራሳቸው ስም ሲሸጡ፥ ሲገዙና ሲያወርሱ ያሳያሉ፤ ይህንም የታሪክ ሊቁ ዶናልድ ክራሚ በ1970ዎቹ ዓመታት ባወጧቸው ጥናቶች በሰፊው ገልጸውታል። በመዝገቡ ላይ እንደ ተጻፈው ግን ነገሩ ቀላል አልነበረም። ልጅቱ ስትዳር ወደ ባሏ አገር ትሄዳለች፤ ድርሻዋንም ወንድሟ ያርሰዋል። ስትመለስ መሬቱን ሊለቅላት ነው፤ ስለዚህ እኅቱን ከዱላ ለማዳን የሚፈልገው ወንድም ራሱ የመመለሷ ባላጋራ የሚሆንበት ጊዜ ነበር። ሁለተኛው ችግር የእርሻው ሥራ ነው። ሴት ታርማለች፥ ታጭዳለች እንጂ እርፍ አትጨብጥም፤ ስለዚህ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ምርቱን ትካፈላለች። ወንድ ልጇ ለማረስ እስኪደርስ ድረስ የምትቀምሰው የመሬቷን ከፊል ብቻ ነው። ቢሆንም ከፊልም ቢሆን የራሷ ነበር፤ ባሏ ቤት ካልተመለሰች በረኃብ እንደማትሞት እርሷም፥ ባሏም፥ ሽማግሌውም ያውቁታል። የልማዱን ጕልበት የምናየው እዚህ ላይ ነው።

ተመትታ የወጣች ሚስት የመጀመሪያ መግቢያዋ የአባቷ ቤት ነው። ባልየው ሽማግሌ ይልካል። አባቷ ወይም ታላቅ ወንድሟ ወዲያው አይሰጡትም፤ ዳግመኛ እንዳትመታት ዋስ ጥራ ይሉታል፤ ካሣም የሚቈረጥበት ጊዜ አለ። ይህን ሥርዐት የሚያሞግሱ አሉ፤ የሚነቅፉትም አሉ። እኛ እንደምናየው በሽማግሌው ፊት የሚመዘነው የሴቲቱ ቍስል ብቻ ሳይሆን የወገኗ ብዛት ነው። ብዙ ወንድሞች ያሏት ትፈራለች፤ ብቸኛዋ ግን በመጀመሪያው ዕርቅ ተመክራ ትመለሳለች። ከሁሉ የሚከብደው የካህን ሚስት ነገር ነበር፤ ካህን ፈትቶ ሌላ ቢያገባ ክህነቱ ይቀርበታልና፥ ነፍስ አባቱም ዘመዱም ሴቲቱን ቻይው ይሏታል። ደብርና ካህን በበዛበት አገር ይህ የጥቂት ቤቶች ነገር አልነበረም።

አባት የሞተባት፥ ወንድም የሌላት፥ ወይም ድርሻዋ በክርክር ያለቀባት ሴት መንገዷ ወደ ከተማ ነበር። ወደ ደብረ ታቦር፥ ወደ ጎንደር፥ ኋላም ወደ አዲስ አበባ ሄዳ ጠላና አረቄ ትሸጣለች፥ ወይም በሰው ቤት ትቀጠራለች። በዕድሜ የገፋችው ቆብ ደፍታ ወደ ገዳም ትጠጋለች።

ስለ ልጆች መናገር ያስፈልጋል፤ በሽማግሌ ጉባኤ የእነርሱ ነገር የሚነሣው ከከብቱ በኋላ ነበርና። የሚጠባው ከእናቱ ጋራ ይሄዳል፤ ለእረኝነት የደረሰው ግን ለሥራ ይፈለጋልና ብዙ ጊዜ በአባቱ ቤት ይቀራል፥ የእንጀራ እናት ትመጣበታለች። ቤተልሔምንና ሌሎቹን የአብነት ትምህርት ቤቶች ከሞሉት የቈሎ ተማሮች መካከል ዜማ ናፍቆ የመጣ እንዳለ ሁሉ፥ የፈረሰ ቤት ያስኮበለለውም አይታጣም ነበር ብለን እናምናለን። ለወንድ ልጅ ይህ መሸሻ ነበረው። ለሴት ልጅ ግን እንዲህ ያለ በር አልነበረም፤ እርሷን ቶሎ መዳር እንደ መፍትሔ ይቈጠር ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲወጣ በሕጉ የተመለከቱትን የልማድ ሥርዐቶች ሻረ። አዲሱ ሕግ ለሴት ከልማዱ ይሻላል ብሎ የሚገምት ሰው ይኖራል። በዚህ ነገር ላይ ግን አልተሻለም። ባል የቤተ ሰብ አለቃ መሆኑን፥ ሚስትም በሕጋዊ ትእዛዙ ልትታዘዘው እንደሚገባ ደነገገ። ለፍቺ ከባድ ምክንያት ብሎ የቈጠራቸው ዝሙት፥ ቤት ጥሎ መጥፋት፥ በእብደት ሆስፒታል መግባትና እነዚህን የመሳሰሉ ናቸው፤ ዱላ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ያለ ከባድ ምክንያት ፍቺ የጠየቀ ወገን ደግሞ በንብረት ክፍያ ሊቀጣ ይችላል። እንግዲህ በሰማንያው ልማድ እኩል ተካፍላ ትወጣ የነበረችው ሴት፥ በአዲሱ ሕግ ስለ ተመታች ፍቺ ብትጠይቅ ከእኩሌታ በታች ይዛ ልትሄድ ትችል ነበር። ነገሩን የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ስለ ነበሩ፥ ሕጉ በባላገሩ መካከል ምን ያህል እንደ ተሠራበት አጠያያቂ ነው። አንድ መልካም ነገር ግን መመስከር አለብን፤ አስገዳጅ ምክንያት ከሌለ በቀር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ከእናቱ ጋራ እንዲሆን አዘዘ። ከዚህ ቀደም በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከክስ እንዲድን ይፈቅድ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ። አዋጁ ወንድና ሴት ሳይለይ ለማረስ ለሚፈቅድ ሁሉ መሬት ይሰጠው አለ፤ ሌላ መተዳደሪያ የሌላት ሴትም በቅጥር እንድታሳርስ በተለይ ፈቀደ። ቃሉ መልካም ነበር። ነገር ግን የገበሬ ማኅበሩ መሬቱን ያከፋፈለው በቤተ ሰብ ነው፤ የቤተ ሰቡም አለቃ ባል ነው። ርስት ሲቀር የጭሰኛው ሸክም በብዙ ስፍራ ቀለለ፤ የተመታችው ሴት ግን ወደ አባቷ አገር ስትመለስ የአቅኚውን አባት ስም ጠርታ የምትጠይቀው ነገር አጣች። ይህን የምንለው የርስትን ዘመን ለማወደስ አይደለም፤ የአንዱ ነጻነት ከሌላዋ መሸሻ ጋራ አብሮ ሊሄድ እንደሚችል ለማመልከት ነው።

በሩ እንደገና የተከፈተው ዘግይቶ ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፥ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የአማራ ክልል የራሱ የቤተ ሰብ ሕግ ወጥቶ ባልና ሚስትን በቤት አስተዳደር እኩል አደረገ፤ ፍቺንም ለፍርድ ቤት ሰጠ። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚደረገውን የኀይል ሥራ በስም ጠርቶ ወንጀል አለው። ለባላገሯ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የቀረባት በክልሉ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ መሰጠት የጀመረው አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር ይመስለናል። የባልና የሚስት ስም ጐን ለጐን ይጻፍበታል፥ ፎቶግራፋቸውም ይለጠፍበታል። አሁን የምትጠይቀው መሬት በአባቷ አገር ሳይሆን በባሏ ደጅ ያለው ነው፤ ይህም ከርስቱ የተለየ አዲስ ነገር ነው። አዲስነቱ ግን የራሱ ችግር አለው፤ የመታት ሰው በአንድ ማሳ ወሰን ላይ ጎረቤቷ ሆኖ ይቀራል።

የማኅበራትንም ሥራ እንጥቀስ። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ1987 ዓ.ም. ተቋቍሞ ለብዙዎች ያለ ክፍያ ጠበቃ ሆነ፤ የ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት አዋጅ በውጭ ገንዘብ ላይ ያደረገው ገደብ ግን እጁን አሠረው። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአዲስ አበባ ሴቶችን ከነልጆቻቸው ተቀብሎ መጠለያ፥ ሕክምና፥ ምክርና የእጅ ሙያ ይሰጣል። ከወገዳ ወይም ከዐርብ ገበያ ለምትነሣ ሴት ይህ ሩቅ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚለው፥ በአገሪቱ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች መካከል ከመቶ 34ቱ በባሎቻቸው ጥቃት ደርሶባቸዋል፤ በአካል ወይም በፆታ ከተጠቁት ሴቶች ርዳታ የጠየቁት ከመቶ 23 ናቸው፥ 66ቱ ለማንም አልተናገሩም። ከጠየቁትም ብዙዎቹ የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ገዛ ወገናቸው ነው።

የቤቱ ዱላ ብቻ አይደለም የሚያስወጣው። ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኀይሎች ነፋስ መውጫን በያዙ ጊዜ የደፈሯቸው 16 ሴቶች የሰጡትን ቃል አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ዓ.ም. አውጥቶታል፤ 14ቱ በቡድን የተደፈሩ ናቸው። የከተማይቱ ሆስፒታልም ተዘርፎ ስለ ነበር በጊዜው ሕክምና አላገኙም። እነዚህ ሴቶችም ኑሮን እንደገና ለመጀመር የሚጠብቃቸው ጥያቄ ያው ነው፤ ማን ይቀበላል፥ በምንስ ይኖራል?

በእነዚህ ወረዳዎች ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራበት የሴፍቲኔት ርዳታም የሚቈጠረው በቤተ ሰብ ነው። አንዲት ሴት በሰኔ ቤቷን ለቃ ብትወጣ መሬቱ ታርሶአል፥ ምርቱ የሚገባው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ክፍያውን ቶሎ ቢወስንላት እንኳ በመካከሉ ያሉትን ወራት ከልጆቿ ጋራ በሰው እህል ታልፋለች። ያን እህል የሚሰጣት ወገን ደግሞ ክረምት ሲገባ ጎተራው የጐደለበት ነው።