መሪው በየት በኩል ነው? አሮጌ መኪናን እንደ ታሪክ ሰነድ ማንበብ

ጎንደር ፒያሳ ላይ አንድ አሮጌ መኪና ቆሞ አገኛችሁ እንበል። ቀለሙ ተደጋግሞ ተቀብቷል፣ ሊብሬው እጃችሁ ላይ የለም፣ ባለቤቱም በአካባቢው አይታይም። የመቼ መኪና ነው? ብዙ ሰው «የጃንሆይ ጊዜ ነዋ!» ብሎ ያልፋል። ግን ጃንሆይ ከአርባ ዓመት በላይ ነግሠዋል፤ መልሱ በጣም ሰፊ ነው። ጠበብ ያለ መልስ ማግኘት ይቻላል፤ የሚያስፈልገው ደግሞ የት እንደሚያይ የሚያውቅ ዓይን ብቻ ነው።

መንገዱና ቃላቱ

ጎንደር ከመኪና ጋር በብዛት የተዋወቀችው በክፉ ቀን ነው። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በአኪሌ ስታራቼ የሚመራ የፋሺስት ጦር በካሚዮን ተጭኖ ከተማዋ ገባ። ካሚዮን መንገድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ወራሪው ከአስመራ ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ በሊማሊሞ ገደል ላይ እየጠመዘዘ አወጣው። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. የጄኔራል ናሲ ጦር ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ የጣሊያን የምሥራቅ አፍሪካ ግዛት አበቃለት። መንገዱ ግን ቀረ።

ከመንገዱና በኋላም ከመጡት የፊያት መኪኖች ጋር ቃላትም ገቡ፦ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ኮፈን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ካንዴላ፣ ስፖኪዮ፣ ታርጋ። ከሁሉም እኔን የሚያስገርመኝ «ፍሬቻ» ነው። በጣሊያንኛ ቀስት ማለት ነው። የሚበራና የሚጠፋ መብራት ለምን ቀስት ተባለ? ምክንያቱም በድሮ መኪኖች ላይ ሹፌሩ ሊታጠፍ ሲል ከመኪናው ጎን እንደ ክንድ ብድግ የሚል ትንሽ ዘንግ ነበር። ዘንጉ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆነው፤ ስሙ ግን ዛሬ በባጃጅ ላይ ሳይቀር ይሠራል።

የመጀመሪያው ፍንጭ፦ መሪው

አባቶቻችሁ «ኤንትሬ» የሚሉትን የጭነት መኪና ሰምታችሁ ይሆናል። ስሙ ራሱ መታወቂያ ነው፦ ፊያት 682 ኤን 3፤ «ትሬ» በጣሊያንኛ ሦስት ነው። ከ10 ሊትር በላይ የሆነ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር አለው። ፊቱን ትታችሁ ውስጡን እዩ። መሪው ብዙ ጊዜ በቀኝ ነው።

ይኼ እንቆቅልሽ ነው። ጣሊያኖች እንደ ዛሬው እኛ በመንገዱ ቀኝ ነው የሚነዱት፤ እንዲህ ከሆነ መሪው በግራ መሆን ነበረበት አይደል? መልሱ ተራራው ነው። ጣሊያን የአልፕስ አገር ናት። በጠባብ የተራራ መንገድ ላይ ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው ከሁሉ በላይ ማወቅ የሚፈልገው የቀኝ ጎማው ከመንገዱ ጠርዝ ምን ያህል እንደራቀ ነው። በቀኝ ከተቀመጠ አንገቱን አውጥቶ ጠርዙን ያያል። ዋጋም አለው፦ ከፊቱ ያለውን መኪና ለመቅደም ሲፈልግ ከወዲያ የሚመጣውን አያይም፤ ያኔ የረዳት ዓይን ያስፈልገዋል። እስቲ ሊማሊሞን በዚህ ዓይን አስቡት። ለአልፕስ የታሰበ መሪ ለሰሜን ጎንደር ገደልም ልክ ነበር።

መሪው በቀኝ የሆነ ትንሽ አውቶሞቢል ካያችሁ ግን ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ነበር የምትነዳው። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ተቀየረች። ስለዚህ የቀኝ መሪ ያለው አሮጌ ቮልስ ከዚያ ቀን በፊት ለነበረችው አገር የመጣ ሊሆን ይችላል። ለኤንትሬ ግን ይህ ፍንጭ አይሠራም፤ የእሱ መሪ የሚናገረው ስለ ተራራ ነው። አንድ ምልክት፣ ሁለት ትርጉም! መጀመሪያ የመኪናውን ዓይነት፣ ከዚያ የመሪውን ቦታ የምናየው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ፍንጭ፦ መስታወት፣ በርና መብራት

ፋብሪካዎች መኪናን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይቀይራሉ። እነዚያ ለውጦች እንደ ቀን ማኅተም ናቸው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ቮልስ ከሆነ የኋላ መስታወቱን እዩ። መሃሉ በብረት ለሁለት የተከፈለ ከሆነ ከ1953 ወይም ከዚያ በፊት ነው። አንድ ሞላላ መስታወት ከሆነ እስከ 1957 ነው። ሰፊ አራት ማዕዘን ከሆነ ከዚያ በኋላ ነው። የፊት መብራቱ ወደ ኋላ ካዘመመ ከ1967 ለውጥ በፊት የተሠራ ነው፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ከዚያ ወዲህ።

ፊያት 600፣ ማለትም ሴይቼንቶ፣ ከሆነ በሩን እዩ። ማጠፊያው ከኋላ ሆኖ በሩ ወደ ፊት አፉን የሚከፍት ከሆነ ከ1964 ለውጥ በፊት የተሠራ ነው። እየሄደ ቢከፈት ነፋሱ ይዞት ስለሚሄድ አደገኛ ነበር።

ላዳ ከሆነስ? አያቱን ፈልጉ። የመጀመሪያው ላዳ የተሠራው ከፊያት 124 ላይ ነው፤ ሶቪየቶች ለክፉ መንገድና ለብርድ እንዲሆን አጠናክረው ከ1970 ጀምሮ አመረቱት። ስለዚህ ሶሻሊስት የሚባለው ታክሲ እንኳ የጣሊያን ዘር አለው።

ተጠንቀቁ፤ እኛ አገር ጋራዥ በርም መብራትም ከሌላ መኪና አምጥቶ ይገጥማል። ስለዚህ በአንድ ፍንጭ አትፍረዱ። ቮልስ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር፣ በመሃለኛው የወለል ብረት ላይ ተመትቷል። ከ1965 እስከ 1969 ባሉት ሞዴሎች ሦስተኛው አኃዝ ዓመቱን ይናገራል፦ በ117 ከጀመረ የ1967 ሞዴል ነው።

ከፍታውን የቻሉ

ዕድሜውን ማወቅ ግማሹ ነው፤ ማድነቅ ደግሞ ሌላው ግማሽ። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ፣ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። ደባርቅ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተርም ጉልበቱን በዚያው መጠን ያጣል። ውሃም እዚያ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በከባድ ማርሽ ቀስ እያለ ዳገት ለሚወጣ ካሚዮን፣ በተለይ የራዲያተር ክዳኑ ግፊት መያዝ ካቃተው፣ ይህ ፈተና ነው። ቮልስ ራዲያተርም ውሃም የለውም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። የሚፈላ ነገር ከሌለ አይፈላም፣ በቃ።

ዛሬ እነዚህ መኪኖች ለቁራጭ ብረት እየተሸጡ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ፣ የዚያን ዘመን ታሪክ የሚነግሩን እዚሁ ያሉት ናቸው። አንድ መኪና ሲቀልጥ መሪው፣ የበሩ ማጠፊያና የተመታው ቁጥር አብረው ይቀልጣሉ። ስለዚህ ስታገኙ ባለቤቱን አስፈቅዱና ፎቶ አንሱ፦ መሪውን፣ መብራቱን፣ የኋላ መስታወቱን፣ ቁጥሩን። ከዚያ መኪናው በየት መንገድ ወደ ጎንደር እንደመጣ ጠይቁ። ቁጥሩ የማይነግራችሁን ሹፌሩ ይነግራችኋል፤ እሱም ዕድሜ አለውና ቶሎ ጠይቁት።