መሣሪያው ሲለዋወጥ ጥያቄው አንድ ነው፦ ደህንነቱ የተጠበቀ ዌብ ሰርቪስ የማስተማር አጭር ታሪክ

ከኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቅን ሰዎች ባቻችንን ለመናገር ዓመተ ምሕረት መጥራት አያስፈልገንም። አንዱ «እኛ የተማርነው ኮርባ ነበር» ካለ ዕድሜው ታወቀ። ቀጥሎ የመጣው ሶፕን ያነሳል፤ ታናናሾቻችን ደግሞ ሬስትን። ሁላችንም የምናወራው ግን ስለ አንድ ነገር ነው፤ በተለያዩ ኮምፒውተሮች ላይ ያሉ ፕሮግራሞች በኔትወርክ እየተጠራሩ አንድ ሥራ እንዲሠሩ ስለማድረግ። እኔ ዴቨሎፐሮችን በማሠልጠን ብዙ ዓመት ስለቆየሁ የዚህን ሙያ ታሪክ ከመሣሪያዎቹ ስም ይልቅ በአንድ ጥያቄ በኩል መተረክ እመርጣለሁ፦ ይህን መልእክት የላከው ማን ነው? የጠየቀውን ለማግኘትስ ፈቃድ አለው ወይ?

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1984 በዜሮክስ ፓርክ የምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት አንድሩ ቢሬልና ብሩስ ኔልሰን የርቀት ፕሮሲጀር ጥሪ፣ በአጭሩ አርፒሲ፣ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ጽሑፍ አሳተሙ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ያለን ፕሮሲጀር ልክ እዚሁ እንዳለ አድርጎ መጥራት። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን ከዓላማዎቻቸው አንዱ ግንኙነቱን በምስጠራ መጠበቅ እንደነበር ነው። ሐሳቡ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ሲስፋፋ ምቾቱ ቀድሞ ሄደ፣ ጥበቃው ወደ ኋላ ቀረ። በሰፊው በተሠራበት በሰን ማይክሮሲስተምስ አርፒሲ፣ በተለመደው አሠራር፣ ጠሪው ኮምፒውተር «የተጠቃሚው ቁጥር ይህ ነው» ብሎ ራሱ ይናገራል፤ ተቀባዩም አምኖ ይቀበላል። እንግዳ በር አንኳኩቶ «ዘመድ ነኝ» ስላለ ብቻ ጓዳ ድረስ እንደማስገባት ማለት ነው። ሁሉም በሚተዋወቅበት አንድ ሕንፃ ውስጥ ይህ ያስኬድ ይሆናል። ከሕንፃው ውጪ ግን አያስኬድም።

እዚያው ሰን ውስጥ ፒተር ዶይች እ.ኤ.አ. በ1994 ገደማ ዴቨሎፐሮች ስለ ኔትወርክ ሳያስቡት የሚይዟቸውን የተሳሳቱ እምነቶች ዘርዝሮ አስቀመጠ። ከነዚህ አንዱ «ኔትወርኩ ደህንነቱ የተጠበቀ ነው» የሚለው ነው። ዝርዝሩ ዛሬም ይነበባል። ተማሪው ለፈተና በቃሉ ይይዘዋል፤ ፕሮጀክቱን ሲሠራ ግን ይረሳዋል።

ከዚያ የዌብ ሰርቪስ ዘመን መጣ። እ.ኤ.አ. በ1998 የተጠነሰሰው ሶፕ፣ በግንቦት 2000 ሥሪት 1.1 ሆኖ ለዓለም አቀፉ የዌብ ኮንሶርቲየም ቀረበ። መልእክቱ በኤክስኤምኤል ይጻፋል፣ አብዛኛውን ጊዜም የሚጓዘው ድረ ገጽ በሚጓዝበት በኤችቲቲፒ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ፋየርዎል ደግሞ የድረ ገጹን በር ክፍት አድርጎ ሌላውን ይዘጋል። ሶፕ እንግዲህ በዚያው በተከፈተው በር ሰተት ብሎ ይገባል። ይህ ለገንቢው እፎይታ ነበር። የደህንነት ባለሙያው ብሩስ ሽናየር ግን በዚያው በ2000 ነገሩን አጥብቆ ተቸ፤ ፋየርዎሉን የሚያልፍ መንገድ ሆን ብሎ መሥራት አደጋ ነው በማለት። ከዚህ በኋላ ደጅ ላይ የቆመው ዘበኛ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ዘበኝነቱ ኮዱን ወደሚጽፈው ሰው ተሻገረ። ያ ሰው ግን ለዘበኝነት አልሠለጠነም።

ውጤቱን ለማየት ብዙ አልተጠበቀም። እ.ኤ.አ. በ2001 ኮድ ሬድና ኒምዳ የተባሉት ትሎች በማይክሮሶፍት ዌብ ሰርቨሮች በኩል ዓለምን አዳረሱ። በጥር 2002 ቢል ጌትስ ለሠራተኞቹ በሙሉ ማስታወሻ ጻፈ፤ አዲስ ነገር ከመጨመርና የደህንነት ችግር ከመፍታት አንዱን መምረጥ ካለብን ደህንነትን እንመርጣለን የሚል። በቀጣዩ ወር የዊንዶውስ ሥራ ቆመና 8,500 ያህል ሠራተኞች ለሥልጠና ተቀመጡ። ከውጭ የሚመጣን ግብዓት አለማመን፣ ሥራው ሳይጀመር «ማን ምን ሊያደርግብን ይችላል?» ብሎ አደጋውን መተንተን፣ የራስን ኮድ በሌባ ዓይን ማየት ተማሩ። እነዚህ ሰዎች እኮ ከታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የተመረቁ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው ያላስተማረውን አሠሪው ፋብሪካውን ዘግቶ ማስተማር ግድ ሆነበት። ለእኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ለመምህራን ትልቁ መልእክት ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ሥልጠና ሲባል መሣሪያ መጨመር ብቻ እንዳይመስለን፣ የሚቀጥለው ምዕራፍ ያስተምራል። በሚያዝያ 2004 ኦኤሲስ የተባለው ድርጅት ደብሊውኤስ-ሴኩሪቲን መመዘኛ አድርጎ አጸደቀ። የሶፕ መልእክት ዲጂታል ፊርማና ምስጠራ የሚይዝበት ደንብ ወጣለት። ብዙ ሰው ነገሩ አለቀ ብሎ አሰበ። በ2005 ግን ማክንቶሽና ኦስቴል የተባሉ ተመራማሪዎች ፊርማውን ሳይነኩ መልእክቱን መቀየር እንደሚቻል አሳዩ። ዘዴው እንዲህ ነው፦ በመዝገብ ቤት ማኅተም ያረፈበትን ገጽ ከፋይሉ ሳታወጣ ወደ ጎን ታስቀምጥና በቦታው ሌላ ገጽ ትከታለህ። ጸሐፊው ማኅተሙን አይቶ «ትክክል ነው» ይላል፤ ኃላፊው ደግሞ አዲሱን ገጽ አንብቦ ይፈጽማል። ፊርማውን የሚያረጋግጠው ኮድና ትእዛዙን የሚፈጽመው ኮድ የሚያዩት የተለያየ ቦታ ነው። በ2011 የጀርመኑ ሩር ዩኒቨርሲቲ ቦኹም ተመራማሪዎች በዚሁ ስልት የአማዞንን የክላውድ አገልግሎት መቆጣጠር እንደሚቻል አሳዩ፤ ክፍተቱም ተዘጋ። ፊርማው ራሱ አልተሰበረም። «የተረጋገጠው ነገርና የምፈጽመው ነገር አንድ ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

በዚህ መካከል ገንቢው ከሶፕ ክብደት ወደ ሬስት ተሰደደ። ሮይ ፊልዲንግ ሐሳቡን በዶክትሬት ማሟያው የጻፈው በዚያው ሶፕ በቀረበበት በ2000 ዓመት ነው። ኤክስኤምኤል ለጄሰን ቦታ ለቀቀ፤ ለፈቃድ አሰጣጥም ኦአውዝ 2.0 በጥቅምት 2012 ታተመ። ታዲያ ደህና ሆንን? ኦዋስፕ የተባለው የባለሙያዎች ስብስብ በ2019 የኤፒአይ አደጋዎችን ዝርዝር ሲያወጣ አንደኛ የሆነው ውስብስብ ጥቃት አይደለም። ተማሪ አበበ በራሱ ስምና የይለፍ ቃል ይገባል፤ ውጤቱን ሲጠይቅ በአድራሻው ላይ ያለውን መለያ ቁጥር በአንድ ይቀይራል፤ የአልማዝ ውጤት ይመጣለታል። ሥርዓቱ ማንነቱን አረጋግጧል፤ ያንን ወረቀት የማየት ፈቃድ እንዳለው ግን አልጠየቀም። በ2023 ዝርዝሩ ሲታደስም ይኸው ችግር አንደኛ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት «ዘመድ ነኝ» ያለውን የማመን ነገር ልብሱን ቀይሮ መጣ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት የበቃው በ1989 ዓ.ም. ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015፣ ቀጥሎም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጡ። ዛሬ ከዚህ ግቢ የወጣ ልጅ ገና በመጀመሪያ ሥራው የባንክን፣ የሞባይል ገንዘብን ወይም የመታወቂያን ኤፒአይ ሊያገናኝ ይችላል። ያቺ ያልጠየቃት አንዲት ጥያቄ የጉሊት ነጋዴዋን የዕለት ገንዘብ ወይም የአንድን በሽተኛ ምስጢር አሳልፋ ትሰጣለች። ሕጉ ኃላፊነትን ያስቀምጣል፤ ኮዱን ግን አይጽፍም።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችን የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። ደህንነት በአራተኛ ዓመት የሚሰጥ አንድ ኮርስ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። ተማሪው መጀመሪያ በኔትወርክ መልእክት በላከበት ሳምንት ያቺ ጥያቄ አብራ ትሰጠው። የአንዱን ቡድን ፕሮጀክት ሌላው ቡድን ለመስበር ይሞክር፤ ነጥቡም ለሠራውም ክፍተት ላገኘውም ይሰጥ። ሲፈትኑትም «ኦአውዝ ምንድን ነው?» ከማለት «ይህ ሰርቪስ ማንን አመነ? ለምን?» ይበሉት። ካሪኩለሙ ጠባብ፣ ክፍሉ የተጨናነቀ፣ መምህሩ ብዙ ክሬዲት የተሸከመ እንደሆነ አውቃለሁ። ይህ ግን አዲስ ኮርስ አይፈልግም፤ ያለውን ላቦራቶሪ በሌላ ዓይን ማየት ነው።

እኛ ተመራቂዎችም ከጎን ሆነን ምክር መለገስ ብቻ አይበቃንም። በየመሥሪያ ቤታችን ያየናቸውን ክፍተቶች፣ ስም ሳንጠራና ምስጢር ሳናወጣ፣ ለላቦራቶሪ መልመጃ አድርገን ማምጣት እንችላለን፤ በሴሚስተር አንድ ቅዳሜ ለዚህ አይጠፋም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ሶፕን የሚተካው ሬስት መጥቷል፤ ሬስትንም የሚተካ ሌላ ይመጣል። ልጆቻችን አዲሱን መሣሪያ በራሳቸው ጊዜ ይማሩታል። «ማን ነህ? ለዚህስ ፈቃድ አለህ?» ብሎ የመጠየቅን ልማድ ግን ከእኛና ከመምህራኖቻቸው ይዘው ይውጡ።